ሊቀ ስክሪን አሻግሬና የሙሽራዋ እጅ

ሰው አዲስ ነገር ገዝቶ እንዳይደሰት የሚጠብቅ አንድ ሰው በየከተማው ተመድቧል። ማን እንደመደበው አላውቅም። ደመወዝ የለው፣ ዕረፍት የለው፣ አንድ ቀን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም። ደጎሎ ብትሄዱ አለ፤ ኩታበር ብትሄዱ አለ። ጫማ ስትገዙ "ሶሉ እኮ የተለጠፈ ነው" ይላችኋል። በግ ስትገዙ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያይና "ለዚች ነው ይሄን ያህል መንገድ የተጓዝከው?" ይላችኋል። የእኛ የመካነ ሰላሙ ግን በበግና በጫማ ራሱን አያዋርድም። የእኛው የሚፈርደው በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነው።

ስማቸው አሻግሬ ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው ሊቀ ስክሪን ወመጋቤ ፒክስል አሻግሬ። የሾምኳቸው እኔ ነኝ፤ ከተማው ደግሞ ሹመቱን ወዲያው ተቀበለ። አንቱ የምላቸው አርጅተው አይደለም፣ ቢበልጡኝ ስምንት ዓመት ነው። አንተ እያልኩ ስሰድባቸው ንዴቴ አልወጣ አለኝ፤ አንቱ ስል ትንሽ ይቀለኛል።

ስለ ስክሪን የት ተማሩ? የትም። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ስለወጣሁ በዚህ አልፈርድባቸውም። ሥራቸው ገበያ ውስጥ ክር መሸጥ ነው። የጥለት ክር፣ የጥልፍ ክር፣ የአልጋ ልብስ ክር። ቀዩ ብቻ ሠላሳ ዓይነት ነው። ለእኔና ለእናንተ ቀይ ቀይ ነው፤ ለእሳቸው የበርበሬ ቀይ አለ፣ የጡብ ቀይ አለ፣ የጉበት ቀይ አለ፣ ፀሐይ የመታው ቀይ አለ። ሴትዮ ያረጀ ቀሚሷን ይዛ መጥታ "ከዚህ ጥለት ጋር የሚሄድ" ካለቻቸው፣ ሳያዩ እጃቸውን ከኋላ ሰደው የሚመዙት ክር ልክ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆሙ እኮ የተከበሩ ሰው ነበሩ!

አላቆሙም። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ የክር ፎቶ በስልኳ አሳይታቸው "ይሄን ዓይነት ስጡኝ" አለቻቸው። በስልኩ አይተው ሰጧት። ቤቷ ስትደርስ ከጥለቷ ጋር አልሄድ ብሎ፣ ተመልሳ መጥታ በገበያው መሃል "ሌባ!" አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቁ ከስክሪን ጋር ደም ተቃቡ። "ስክሪን ውሸታም ነው" ማለት ጀመሩ። "ክር ግን አይዋሽም።"

ከተማው ውስጥ አዲስ ላፕቶፕ ገባ ከተባለ፣ ባለቤቱ ካርቶኑን ሳይከፍት እሳቸው በር ላይ ናቸው። ከኪሳቸው ቀይ ክር ይመዛሉ። ክሩን ፎቶ ያነሱትና ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አስከፍተው፣ እውነተኛውን ክር ከጎኑ ወጥረው ይይዙታል። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዝም። ዝምታው ነው የሚገድለው! የገዛው ሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ አሥር ዓመት ያረጃል። አንዴ "ጋሽ አሻግሬ፣ ፎቶ ያነሳው ካሜራስ ቢዋሽ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እሱ ላይ በኋላ እንደርሳለን" አሉኝ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ አልደረስንም።

ፈርሂያ ከዱባይ ስትመለስ ለወንድሟ ላፕቶፕ አመጣችለት። ሰፈሩ በሙሉ ደስ ብሎት ተሰብስቧል። ሊቁ መጡና ጋቢያቸውን በራሳቸውና በላፕቶፑ ላይ አንድ ላይ ጣል አድርገው፣ ጨለማ ውስጥ ጥቁር ሥዕል ከፍተው ሲያዩ ቆዩ። ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ፦ "ብርሃን ያፈሳል!"

"ኧረ በአላህ!" አለች ፈርሂያ። "ከዱባይ እስከዚህ ተሸክሜው ስመጣ ያላፈሰሰው አንቱ ጋቢ ውስጥ ሲገባ ነው የሚያፈሰው?"

"ጥቁሩ ጥቁር አይደለም እኮ እህቴ። ግራጫ ነው። ጠርዙ ላይ ብርሃን ይወጣል።"

ልጁ እስከ ዛሬ ላፕቶፑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ጠርዙን ነው። ደስታውን ገደሉት በሉት። የሒሳብ መምህሩ አለምነው ደግሞ የፈተና ጥያቄ መጻፊያ ብቻ ነበር የፈለገው። "ለጽሑፍ ብቻ ነው" ቢላቸው "ፊደሉስ ጥቁር አይደል?" አሉት። አለምነው አሁንም ፈተና በእጁ ይጽፋል።

ይሄን ሁሉ እየሳቅሁ ነበር የማየው። ምክንያቱም የሌላ ሰው ነው። በኋላ ግን ወደ እኔ መጡ።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። እቀርጻለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ቀለሙን አስተካክላለሁ። ሁዜይፋ ደግሞ መናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት አለው። አንድ ጥሩ ላፕቶፕ በሽርክና ለመግዛት ተስማማን፤ ጠዋት እኔ ሰርግ ልሠራበት፣ ከሰዓት እሱ ኳስ ሊያጫውትበት። እኔ ቀለም እፈልጋለሁ፣ እሱ ፍጥነት። ላፕቶፕ ነጋዴ የሆነ የሁዜይፋ ዘመድ ከደሴ በገበያ ቀን ሁለት ላፕቶፕ ይዞልን በሚኒባስ መጣ። እኛም፣ ጅሎቹ፣ ሊቁን ጠራን።

አንደኛው ፎር ኬ ነው። ፒክስሉ ከመድቀቁ የተነሳ የሙሽራ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስክሪኑ ኦሌድ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጥቁር ሲመጣ ብርሃኑን ከናካቴው ያጠፋል። ሊቁ ክራቸውን ወጠሩበት። ዝም አሉ። እንደገና ወጠሩት። "ይሄ... አይዋሽም" አሉ፣ የሞተ ዘመድ ያገኙ ይመስል።

ሁዜይፋ ኳሱን ከፍቶ መጫወት ጀመረ። "አቦ ይሄ ነገር ይንቀረፈፋል። ኳሷ ጭራ አወጣች!"

"ስልሳ ሄርዝ ነዋ" አሉ ሊቁ። "በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ብቻ ነው ሥዕል የሚቀይር።"

ሁለተኛው መቶ አርባ አራት ሄርዝ ነው። ኳሷ እንደ ጥይት ትሄዳለች፣ ጭራ የለ፣ ምን የለ። ሁዜይፋ "ማሻአላህ" ሲል ሊቁ ክር አወጡ። "ይሄ ቀይ ታጥቦ የተሰጣ ነው። ሙሽራ በዚህ ብትሠራ መበለት መስላ ትወጣለች።"

"ታዲያ የትኛውን እንግዛ ጋሼ?" አልኩ።

አስበው አስበው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሁለቱንም አትግዙ። የሁለቱ ልጅ ይወለዳል።"

"መቼ?"

"በሚመጣው ዓመት።"

የደሴው ነጋዴ ላፕቶፖቹን ሸክፎ "እኚህ ሰውዬ እዚህ ከተማ ካሉ ሁለተኛ አልመጣም" ብሎ ሄደ። ሁዜይፋም ፈራ፣ እኔም ፈራሁ፤ በሳቸው ቃል ላይ ደፍሮ የሚገዛ ሰው የለማ! ሦስት ወር ያለ ላፕቶፕ ተቀመጥን። ሦስት ወር! የልጅ ልጅ እንደሚጠብቅ ሽማግሌ ያልተወለደ ስክሪን ስንጠብቅ። ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር የምተኛው።

በዚህ መሃል ነው የመቅደላዊት ሰርግ የመጣው።

የመቅደላዊት እናት እትዬ አስቻለች ጅዳ ናት፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራ። ማዳሟ ፈቃድ ከልክላት የአንድ ልጇን ሰርግ መምጣት አልቻለችም። ከሰርጉ በፊት ደውላልኝ እንዲህ አለች፦ "ኬኩንም ጭፈራውንም ለፈለገው ስጠው የኔ ልጅ። ለእኔ እጇን አሳየኝ። እንሶስላዋን።" በእኛ አገር የእንሶስላውን ሥር ወቅጣ ሙሽራ ልጇ ጣት ላይ የምታስር እናት ናት። ልጅቷ እንሶስላ ሞቃ በቀላ እጅ ስትወጣ፣ እናት አላት ማለት ነው። ይሄን የሠራችላት አክስቷ እትዬ ሐረግ ናት፤ በደንብ ቀልቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እናትየዋ ጅዳ ላይ ዓርብ ዕረፍቷ ነው። ያገሯን ሴቶች ሰብስባ ቪዲዮውን ልታሳያቸው ጠርታቸዋለች።

ላፕቶፕ ስለሌለኝ (በማን ምክንያት እንደሆነ ታውቃላችሁ) በሁዜይፋ አሮጌ የጌም ላፕቶፕ ሠራሁት። ሁዜይፋ ደግሞ ሳሩ ለደንበኛ አረንጓዴ እንዲመስል ብሎ የስክሪኑን ቀለም እስከ ጥግ ከፍ አድርጎታል። ቪዲዮውን ብከፍተው የሙሽራዋ እጅ እንደ መኪና የፍሬን መብራት ይበራል። ቀዩን ቀነስኩ። አሁንም ይበራል። ቀነስኩ፣ ቀነስኩ፣ ልክ በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። አበቃሁ።

ሊቁ በዚያች ቅጽበት ገቡ። ሳይጠሩ! ክር ወጠሩ። ዝም አሉ።

"ይሄ የታመመ ሰው እጅ ነው።"

"ጋሼ፣ ተዉኝ።"

"ይሄ ስክሪን ያጋንናል። አንተ የስክሪኑን ውሸት የቀነስክ መስሎህ የልጅቷን ቀይ ነው የቀነስከው።"

ሦስት ወር የተጠራቀመው ንዴት ገነፈለ። ጌም ቤቱ በሰው ሞልቷል። የሁዜይፋን ጃኬት እንደ ጋቢ ራሴ ላይ ጣል አደረግሁና፣ አንገቴን አጣምሜ፣ ያንን በአፍንጫ የሚወጣ ድምፃቸውን አወጣሁት፦ "ስክሪን ውሸታም ነው! ሴትም ውሸታም ናት! እኔ ለዚህ ነው ያላገባሁ፤ ለእኔ የምትሆነዋ በሚመጣው ዓመት ነው የምትወጣ!"

ጌም ቤቱ ፈነዳ። አንዱ ከወንበር ወደቀ። ሁዜይፋ "ወላሂ ራሳቸው ናቸው!" አለ። ሊቁ ክሩን ጣታቸው ላይ ቀስ ብለው ጠቀለሉት። ለመጠቅለል ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ ወጡ። እኔም ቪዲዮውን ጅዳ ላክሁ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስቻለች ደወለች።

"አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። መቅደላዊት ታማለች?"

"ኧረ ደህና ናት እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?"

"እጇ ምነው ገረጣ? እንሶስላ አልሞቀችም?"

"ሞቃለች! አክስቷ ናት ያሰረችላት፣ እኔ ራሴ ቀርጬ..."

"አትዋሸኝ። እሷም 'ሞቄያለሁ እማ' አለችኝ፣ እኔ እንዳላዝን ነው። ሐረግም ማለች። ይኸው እያየሁት! እናቷ የለችም ብላችሁ በባዶ እጇ ዳራችኋት?" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "ዓርብ ሰው ጠርቻለሁ። ምኑን ነው የማሳያቸው?"

በቪዲዮ ጥሪ እንዳታሳያት፣ በእኛ ኔትወርክ እንኳን እጅ ፊትም አይለይም። ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ቀዩን ልጨምር ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ምን ያህል ልጨምር? ስክሪኑ ይዋሻል። የእኔም ዓይን ከእሱ ጋር ተስማምቶ ሲዋሽ ከርሟል። ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ትናንት አዋርጄዋለሁ። ከምንም በላይ የተናደድኩት በዚህ ነው። ትክክል መሆን የሌለበት ሰው ትክክል ሲሆን ምን ይባላል?

ገበያ ወረድኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ ሴቶች ከበዋቸዋል። ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ድምፅ "ጋሽ አሻግሬ" አልኳቸው።

ቀና አላሉም። "ምን ፈለግህ?"

"ክር።"

"ምን ዓይነት?"

"የእንሶስላ ቀይ።"

አሁን ቀና አሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተዘጋጅቼ ሁሉ። እሳቸው ግን "ለሱ እጁን ማየት አለብኝ" ብለው ሸራውን ሰብስበው ሱቃቸውን ዘጉ። በገበያ ቀን! ሴቶቹ "ኧረ ጋሽ አሻግሬ፣ ከየት መጥተን!" እያሉ ጮኹባቸው።

መቅደላዊት በማግስቱ ወደ ባሏ አገር ደጎሎ ልትሄድ ጓዟ ታስሯል። ሊቁ እጇን ትራስ ላይ አስቀምጠው ቀይ ክር አንድ በአንድ ይደረድሩበት ጀመር። አሥራ ዘጠኝ ክር ቆጠርኩ።

"ሙሽራ ነው የምትለካው ጨርቅ?" አለች እትዬ ሐረግ።

"ዝም በይ እትዬ፣ ጥላሽን ዞር አድርጊልኝ።"

መቅደላዊት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እጇ ይንቀጠቀጣል። ሊቁ ይቆጣሉ። መጨረሻ ላይ የጉበት ቀይና የበርበሬ ቀይ ሁለቱን ገምደው ጣቷ ላይ ሲያስቀምጡት ክሩ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ ክሩን ፈልጎ አጣው።

ስንወጣ "ስልኳ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የማን?"

"የእናትየዋ።"

ደውዬ ጠየቅሁ። ማዳሟ ጥላው ያነሳችው ነው አለች፤ ትንሽዬ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ የድሮ። ሞዴሉን ስነግራቸው ሊቁ መንገድ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ሁለት ዓመት ሙሉ..." አሉ፣ ጨርሰው አልተናገሩም። በኋላ "እሷ የምታየው በኛ ስክሪን አይደለም እኮ፤ መለካት ያለበት በእሷው ነው" አሉ።

እንግዲህ ያን ቀን ከሰዓት መካነ ሰላም ያየችውን ጉድ ላውራላችሁ። ሰው ሁሉ ጥሩ ስክሪን እንዲገዛ ሲያስለቅሱ የኖሩት ሊቀ ስክሪን፣ በየሱቁ በየቤቱ እየገቡ የከተማውን መጥፎ ስክሪን ይፈልጋሉ! ስልክ ጠጋኙ አንድ አወጣ። "ከዚህ የባሰ የለህም?" የመናኸሪያው ሻይ ሻጭ እንቁ የሷን ሰጠች። "ይሄ በጣም ጥሩ ነው፣ አይሆንም።" እንቁ ስልኳ በሊቁ ሲመሰገን በሕይወቷ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ደርቃ ቀረች። ያው ራሱ ሞዴል የተገኘው ወፍጮ ቤት፣ ወንድዬ ጋ ነው። ስልኩ ዱቄት በዱቄት ነው። ሊቁ ክር ወጥረው አዩትና "ይሄ በዓይኔ ካየኋቸው ሁሉ የመጨረሻው ነው!" ብለው በደስታ ጮኹ።

"ስልኬን ልትሰድቡ ነው እንዴ የመጣችሁ?" አለ ወንድዬ ወንፊቱን ጥሎ።

"የለም ወንድሜ፣ ልንለምንህ ነው።"

ጌም ቤት ገባን። እኔ በላፕቶፑ ቀይ እጨምራለሁ፣ ወደ ወንድዬ ስልክ እልካለሁ፣ ሊቁ የተገመደውን ክር ከስልኩ ጎን ወጥረው ይፈርዳሉ። "ጨምር።" "ቀንስ።" "ትንሽ ጨምር።" "አሁን አበዛኸው፣ ሚጥሚጣ አደረግኸው።" አሥራ አንድ ጊዜ! ልገላቸው ነበር። በላፕቶፑ ላይ የሙሽራዋ እጅ አስፈሪ ሆኗል፤ ሁዜይፋ አይቶ "ወላሂ ሰው አርዳ የመጣች ነው የምትመስል" አለ። ሰው ቢያይብኝ ሁለተኛ ሰርግ የሚሰጠኝ የለም። በወንድዬ ስልክ ላይ ግን፣ በዚያ በተሰነጠቀ በደበዘዘ መናኛ ነገር ላይ፣ እጁ ትራስ ላይ ያየሁት እጅ ነው። ላክሁት።

ዓርብ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሁዜይፋ ጌሙን አቆመ። ከጅዳ በኩል ዝም ነው። ሊቁ አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል። ያ የሚገድለው ዝምታ ተራው የሳቸው ሆነ፤ ላባቸው ሲወርድ አየሁ።

ከዚያ እልልታው መጣ። የአንድ ሰው አይደለም፣ የቤት ሙሉ ሴት እልልታ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

"ቀልቷል!" አለች እትዬ አስቻለች እያለቀሰች። "ኧረ ቀልቷል! እሷ በሞቀችበት ሌሊት እኔም እዚህ ለብቻዬ ሒና አስሬ ነበር፣ አብሬያት ልሞቅ ብዬ። አሁን እጄን ከስልኩ ጎን አድርጌ እያየሁት ነው። አንድ ነን!"

ሁሉም ሰው ዓይኑን ይጠርጋል። እኔም። ሊቁ ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው፦ "እትዬ፣ ልክ አንድ ነው? ወይስ ትንሽ ወደ ብርቱካን ያደላል?"

ላንቃቸው ተነሳሁ። ሁዜይፋ ያዘኝ።

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አለች።

"አሻግሬ ነኝ፣ ክር ነጋዴው።"

እጇን መልሳ ከስልኩ ጋር ያስተያየች መሰለኝ። "ያደላል፣ የኔ ጌታ። ግን ያደላው የእኔ እጅ ነው። የእሷ ልክ ነው።"

ሊቁ የተገመደውን ክር ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ሞከሩ፣ ኪሱን ሳቱት። ሳይሰናበቱ ወጡ።

ተከተልኳቸው። "ጋሼ፣ ምሳ ልጋብዝዎት።"

"ለምን?"

"እንዲሁ።"

ጾም ስለሆነ ሽሮ አዘዝን። ሽሮው እየፈላ መጥቶ ፊታቸው ተቀመጠ። እጃቸውን ታጥበው፣ እንጀራውን ቆርሰው፣ ሊያጠቅሱ ሲሉ ቆሙ። አንገታቸው ዘንበል አለ።

"ምነው ጋሼ?"

"ይሄ ሽሮ" አሉ፣ "ቀለሙ ትንሽ ገርጥቷል። አስተናጋጇን ሌላ ሽሮ አምጪ በላትና ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።"

ደሜ ፈላ። ጥርሴን ነከስኩ። አስተናጋጇ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች፣ እንደገና እኔን አየችኝ።

"አምጪላቸው" አልኩ።